በድሃው ሲሊንደር የሚያበስል ባለጠጋ

ወገኖቼ፣ ‹‹መንግሥት ጋዝ በነጻ ሊሰጥ ነው›› ሲባል ምን ያህል እንደምንቸኩል ታዝባችሁ ታውቃላችሁ? ማን እንደሚከፍለው ሳንጠይቅ እጃችን ለጭብጨባ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በቱርክ ምርጫው ሊካሄድ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን የጥቁር ባሕርን ጋዝ አብሥረው ለቤተሰቦች የአንድ ወር ጋዝ በነጻ፣ ከዚያም ለአንድ ዓመት በየወሩ 25 ሜትር ኩብ ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ አወጁ። ባለ ቪላውም ባለ አንድ ክፍሉም ያለ ልዩነት ተካፈሉ። ቧንቧ ያልገባለት ጎጆስ? እሱን ማንም አላሰበውም፤ እኛም ብንሆን አናስበውም ነበር።

መንግሥት ጋዝ ከቤቱ አያመጣም። ከኪሳችን የወጣው በሌላ በር ሲመለስ ምርቃት ይመስለናል። ዩክሬን ለቤተሰቦች ጋዝ ከተገዛበት እጅግ ባነሰ ዋጋ ስትሸጥ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የመንግሥቱ ጋዝ ኩባንያ ናፍቶጋዝ ጉድለት ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 5 በመቶ አለፈ። በቀጣዩ ዓመት ዋጋው በአንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ ሲጨምር የጮኸው፣ በርካሹ ዘመን ሰፊ ቤቱን ሲያሞቅ የኖረው ብቻ አልነበረም።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን የኢንዶኔዥያው አረንጓዴ ሲሊንደር ነው። ይህ በቧንቧ የሚመጣው ሳይሆን በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ነው፤ ነውሩ ግን አንድ ነው። መንግሥት የሚደጉመው ባለ 3 ኪሎው ሲሊንደር ላይ ‹‹ለድሃ ሕዝብ ብቻ›› ተብሎ ተጽፎበታል። ያለው ሰው ጽሑፉን እያየ አንሥቶት ይሄዳል! ማንበብ ተስኖት ይሆን? አይደለም፤ ‹‹ሁሉም ይወስዳል፣ እኔ ብቻ ለምን ልቅርብኝ›› ብሎ ነው። ይህችን ሰበብ ሁላችንም እናውቃታለን፤ እኔም በሌላ ጉዳይ ተጠቅሜባታለሁ።

ህንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ‹‹የምትችሉ የማብሰያ ጋዝ ድጎማውን ተዉት›› ብላ ጠየቀች፤ በአንድ ዓመት ገደማ 10 ሚሊዮን ያህል ቤተሰቦች ተዉ። ጀርመን ደግሞ በ2023 ካለፈው ፍጆታ የ80 በመቶውን ብቻ የጋዝ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 12 የዩሮ ሳንቲም ላይ ወሰነች፤ ከዚያ በላይ ያነደደ በገበያው ዋጋ ከፈለ። ዘዴው ቆጣቢን ቢሸልምም ድሮ አብዝቶ ያነደደውንም ጠቅሟል፤ የ80 በመቶው ልኬት ከበፊቱ አባካኝነት ነበርና።

ድጎማ ነገ ይነሣ አላልኩም። ካዛክስታን በጥር 2022 የመኪና ጋዝ ዋጋ በድንገት እጥፍ ሲሆን የተነሣው ቁጣ ተስፋፍቶ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። የችኮላውን ዋጋ ሹማምንት ይጠየቁበት። የእኛ ድርሻ ግን የእኛ ነው፦ የድጎማ ቅጽ ሲመጣ ገቢያችንን አሳንሰን አንሙላ፣ አንዱን ቤት በሦስት ስም አናስመዝግብ፣ የምንችል ከሆነም ስማችን እንዲሰረዝ ራሳችን ሄደን እንጠይቅ።