ፈታሽ ነኝና ልናገር

በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ትራንስጀንደር መንገደኞች (ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ የተለየ የጾታ ማንነት ያላቸው) ፍተሻ ላይ ስለሚደርስባቸው እንግልት የጻፋችሁትን አነበብኩ። እዚያ ሠራተኛው መንገደኛውን በዓይኑ ገምቶ በሰውነት መፈተሻ ማሽኑ ላይ ለሴት ሮዝ፣ ለወንድ ሰማያዊ ቁልፍ ይጫን ነበር፤ ግምቱ ከሰውነቱ ጋር ካልገጠመ ማሽኑ ይጠቁም፣ ሰውም ይዳበስ ነበር። ሶፍትዌሩ እንደሚቀየር የተነገረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የገበያ ማዕከል በር ላይ ፈታሽ ነኝ። እኛ ጋ ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት በእጅ ነው የሚፈተሸው። ሴት በወንድ እጅ እንድትፈተሽ በፍጹም አልፈልግም፤ ይህ ሥርዓት እንዳለ ይቀጥል። ግን ከሁለቱም ሰልፍ የሚባረር ሰው አለ። «አንተ ነህ አንቺ?» ይሉታል። መታወቂያው ላይ ያለውን ጾታ ጮክ ብሎ ያነበበ ባልደረባም አይቻለሁ። ሰልፈኛው ሲስቅ አንጀቴ አረረ። ያ ሰው ለማን አቤት ይበል? ሕጋችን የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀል ስለሚቀጣ፣ በዚያ እጠረጠራለሁ ብሎ ፖሊስ ጣቢያ መሄዱንም ይፈራል። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው ግላዊነት፣ አካሉን ከመመርመር ጭምር፣ ይጠብቃል።

ሥልጠና ላይ ስለ ቢላዋና ሽጉጥ ተነገረን፤ ስለ ሰው ክብር አንድም ቃል አልሰማንም። አለቆቻችን በመጋረጃ የተከለለ ጥግ ይሥሩልን፤ መጀመሪያ በብረት መፈተሻው ይታይ፣ እጅ ካስፈለገም ማን እንዲፈትሸው እንደሚፈልግ ቀስ ተብሎ ይጠየቅ።