ዘይት የሚደፋ እጅ ይባረክ

ለሞተር የሚራራ ሰው ጠፍቷል የሚሉ ይፈሩ! ክቡር ባለመኪናው አሉልን። ከመደርደሪያው ላይ ፉል ሲንተቲክ የተባለው ውድ የሞተር ዘይት ካልሆነ በቀር ሌላ ዘይት በመኪናቸው አጠገብ አያስደርሱም። 3,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ደግሞ ቅንጣት ሳይሰስቱ ያስደፉታል። ውድ ዘይት መግዛት አንድ ደግነት ነው፤ ቶሎ ቶሎ መቀየርም ሌላ ደግነት። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ግን ለሞተሩ ሳይሆን ለዘይት ነጋዴው የተቆረጠ ጡረታ ነው።

እስቲ የሚደፉትን ነገር ጠጋ ብለን እናድንቅላቸው። ሲንተቲክ ዘይት ሚነራል ከሚባለው ተራ ዘይት በላይ የሚያስከፍለው በዋናነት ለጽናቱ ነው። በሙቀት ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ቶሎ ስለማይዋሃድ ቶሎ አይወፍርም፣ ቶሎም ዝቃጭ አይሠራም። በትነት የሚያልቀው ያንሳል። በብርድ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ፈጥኖ ላይኛው ክፍል ይደርሳል። የብርዱና የትነቱ ጥቅም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለ፤ ጽናቱ ግን የሚታወቀው ተራው ዘይት መድከም ሲጀምር ነው። ጤናማ ሞተር ላይ፣ በተለመደ አነዳድ፣ ደረጃውን የጠበቀ ሚነራል ዘይት 5,000 ኪሎ ሜትር ያለ ብዙ ጭንቀት ይዘልቃል። ክቡርነታቸው በ3,000 ስለሚደፉ ልዩነቱ ከሚጀምርበት ቦታ ደርሰው አያውቁም። ለማራቶን የሰለጠነ ሯጭ ቀጥረው ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አመስግነው ያሰናብቱታል።

ሒሳቡ ራሱ ውዳሴ ነው። ሞተሩ 4 ሊትር ይይዛል፣ መንገዱም 30,000 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። እሳቸው 10 ጊዜ ይቀይራሉ፤ 40 ሊትር ሲንተቲክ ከ10 ፊልትሮ ጋር። የአምራቹ መጽሐፍ 10,000 የፈቀደለትና መጽሐፉን የሚያምን ሰው 3 ጊዜ ይቀይራል፤ 12 ሊትር ሲንተቲክና 3 ፊልትሮ። ሚነራል አድርጎ በየ5,000 የሚቀይረው ሦስተኛው ሰው ደግሞ 6 ጊዜ፣ 24 ሊትር። ሲንተቲኩ የሚነራሉን እጥፍ ያወጣል ካልን የኋለኞቹ ሁለት ሰዎች የዘይት ወጪ እኩል ይመጣል። ሲንተቲክ ያደረገው በፊልትሮና በእጅ ዋጋ ይተርፈዋል፤ የሌላው መኪና ሥሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚታይ የሚያንጠባጥበውን ነገር ቀድሞ ይደርስበታል። ሁለቱም መንገድ ያዋጣል። የክቡርነታቸው የዘይት ወጪ ግን ከሁለቱም ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ በጤናማ ሞተር ላይ ለዚህ ትርፍ ወጪ ሞተሩ የሚመልስላቸው ይህ ነው የሚባል ነገር የለም።

«ጠቁሯል እኮ!» ይላሉ የመለኪያውን ዘንግ በነጭ ጨርቅ ጠርገው። ዓይናቸው አይታማም። ዘይቱ ውስጥ ያሉት አጣቢና በታኝ ቅመሞች ሥራቸው ጥላሸቱን ከብረቱ ላይ አንስተው በዘይቱ ውስጥ እንደተንሳፈፈ ማቆየት ነውና መጥቆሩ ዘይቱ ሥራ ላይ መሆኑን እንጂ መሞቱን አያሳይም። የናፍጣ ሞተር ላይማ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ይጠቁራል፤ በቀለም ከተፈረደ የናፍጣ መኪና ያለው ሰው በየሳምንቱ ሊደፋ ነው (ይህን ሐሳብ ክቡርነታቸው እንዳይሰሙብን)። የዘይትን ድካም የሚናገረው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። አሲድ ለማርከስ የቀረውን አቅም፣ ውፍረቱን፣ የተቀላቀለበትን ነዳጅ፣ ከኩሽኔታና ከፒስተን ፋሻ የተፋቀውን ብረት፣ በአቧራ የገባውን ሲሊከን ለይቶ ያወጣል። ለናሙናው 100 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል፤ ሞተሩ ሞቆ፣ የመጀመሪያው ጥቂት ከፈሰሰ በኋላ ከመሃሉ በንጹሕ ዕቃ ይቀዳል። ከአንድ ትርፍ ቅያሬ ሊረክስም ይችላል፤ ምናልባት የማይወደደውም ለዚህ ይሆናል።

የ3,000ውን ቁጥር ማን አወጣው? ዘይቱን የሸጠው ሰው በምትለጠፈዋ ወረቀት ላይ ጽፎላቸዋል። የመኪናው አምራች የጻፈው መጽሐፍ ከነፕላስቲኩ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የተነገረ ነው።

የጋሎኑን ፊት የሚያነቡበትን ትጋት ደግሞ ሳናነሳ አንለፍ። «ፉል ሲንተቲክ» የሚለውን ከሩቅ ይለዩታል። ይህ ቃል ግን መለኪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ዘይት አምራቹ ሞቢል በተፎካካሪው በካስትሮል ላይ ያቀረበውን አቤቱታ ያየው የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አካል፣ ከድፍድፍ ነዳጅ ወጥቶ በሃይድሮጅን አጥብቆ የተጣራው ምድብ 3 ዘይትም ሲንተቲክ ቢባል ችግር የለውም አለ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ስም ሥር በፋብሪካ የሚቀመመው ምድብ 4ም፣ አጥብቆ የተጣራውም ይሸጣል። ቁም ነገሩ ያለው ጀርባው ላይ ነው፤ እዚያ ግን ፊደሉ ትንሽ ስለሆነ አይመችም። 5ደብልዩ-30 ሲል 5ቱ በብርድ ሞተር ሲነሳ ያለውን ባሕርይ፣ 30ው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን ውፍረት ይናገራል። ኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት) ኤስፒ ሲል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን የቤንዚን ሞተር ደረጃ አልፏል ማለት ነው፤ በትናንሽ የቱርቦ ሞተሮች ላይ ነዳጁ ያለ ጊዜው እንዳይቀጣጠል መከላከልና የካቴናን መበላት መቀነስ ከፈተናዎቹ መካከል ናቸው። ይህን ፈቃድ ያገኘ ርካሽ ዘይት ያው ፈተና ተፈትኖ ያለፈ ነው። ፊቱ ላይ ያለው የእሽቅድምድም መኪና ሥዕል አልተፈተነም።

አሁን ሽሙጡን ለአፍታ እናስቀምጠውና፣ ሁለቱን ደግነት አንድ ላይ ማድረግ ተገቢ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ቱርቦ ያለው ሞተር የቱርቦው ኩሽኔታ አካባቢ ዘይቱን ክፉኛ ስለሚያግል ተራው ዘይት ወደ ከሰል ሊለወጥ ይችላል፤ ሲንተቲክ ይመረጣል። ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ሞተር አጭር አጭር መንገድ ብቻ ሲሄድ ነዳጅና ውሃ ዘይቱ ውስጥ ይገባሉ፤ ዘይቱ በደንብ ስለማይሞቅ ተንነው አይወጡም። እንዲህ ላለው ሲንተቲክ አድርጎ በየ5,000 መቀየር ብክነት አይባልም፤ ነዳጅ የቀላቀለ ዘይት የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይቀጥናልና። አምራቹ 0ደብልዩ-20 ካዘዘም ክርክር የለም፤ በሚነራል አይገኝም ማለት ይቻላል። የተነዳው ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢሆንም ብዙ አምራቾች በ12 ወር አንድ ጊዜ ይቀየር ይላሉ።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። 28 ሊትር ዘይት በትርፍ የሚደፉት እጆች፣ ለሁለት ሳንቲም ሮንዴላ ሲሆን ይጨብጣሉ። ከዘይት መድፊያው ብሎን ጋር የምትታሰረው አሮጌዋ የአሉሚኒየም ሮንዴላ አንዴ ስለተጨፈለቀች ዳግመኛ አትከድንም፤ ያንጠባጥባል። ማንጠባጠቡን ለማስቆም ብሎኑ በጉልበት ይጠብቃል፤ የዘይት ቋቱ ጥርስ ይበላል፤ ቀጥሎ ቋቱ ይገዛል። ብዙ ትናንሽ መኪኖች ላይ ብሎኑ የሚፈልገው ከ25 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው፤ በረጅም ቁልፍ ላይ መቆም አያስፈልግም። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ ወይም ጠርዙ ተቀዶ ዓመቱን ሲደፍን ደግሞ የሚያየው የለም፤ ፋሻና ሲሊንደር የሚፍቀው በዚያ የሚሾልከው አቧራ ሆኖ ሳለ ዘይቱ ይከሰሳል። የዘይት ፊልትሮው ሲፈታ የአሮጌው የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ በላዩ ከታሰረ፣ ሞተሩ ተነስቶ ግፊት ሲመጣ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ነው። የአዲሱን ቀለበት ዘይት ቀብቶ፣ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር በእጅ ማጥበቅ በአብዛኛው ይበቃል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ቁጠባቸው ነው። ሞተሩ ከነፊልትሮው 3.3 ሊትር የሚይዝ ሆኖ ጋሎኑ 4 ሊትር ከሆነ፣ የተረፈው 0.7 «ለምን ይባክናል?» ተብሎ አብሮ ይገባል። ዘይቱ ከልክ ሲያልፍ ክራንክ ሻፍቱ ሊመታውና አረፋ ሊያደርገው ይችላል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም፣ ፓምፑም አየር ይገፋል። በ3,000 ኪሎ ሜትሩ ሙሉውን የሚደፉት ሰው ለ0.7 ሊትር ሲሳሱ ማየት ልብ ይነካል።

ዘንጉን መምዘዛቸውም ቀለሙን ለማየት ነው፤ ደረጃውን ልብ አይሉም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ 5 ደቂቃ ካለፈው በኋላ ነው የሚታየው። በብዙ መኪኖች ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው 1 ሊትር ያህል ነው፤ ያረጀ ሞተር በሁለት ቅያሬ መካከል ይህንን በልቶ ሊጨርስ ይችላል። ክቡርነታቸው ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ብቻ ሲያገኙ «ወይ ጉድ፣ ይኼኛው እንኳ አልጠቆረም!» ብለው ደስ እያላቸው ዘንጉን ይመልሱታል።