ሳይሞት የተቀበረው ትሬሞሎ

ኧረ በሕግ አምላክ! የሰው ዕቃ ከፍታችሁ ያልታዘዛችሁትን ቆርጣችሁ የምትጥሉ የጥገና ባለሙያዎች፣ ምን እንበላችሁ?

እዚህ ደብረ ማርቆስ ለሠርግም ለበዓልም የምንጫወትበት አንድ አሮጌ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ አለን። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የተሠራ፣ ባለ ቲዩብ አምፕ (የድምፅ ማጉያ)። የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ 220ውን ወደ 120 ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ተሸክመን ነው የምንዞረው። ክራሩን በሱ አድርገን ትሬሞሎውን፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ የሚያርገበግበውን፣ ስንከፍት ትዝታ ሌላ ነገር ይሆናል። ብቻ ፍጥነቱ ያስቸግራል፤ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ብትቀንሰው እንኳ ለትዝታ ይቸኩላል።

ማዘግየት ደግሞ ከባድ ሥራ አይደለም። ፍጥነቱን የሚወስኑት ሦስት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚይዙ ቁራጮች) ናቸው፤ አንዱ 0.02 ማይክሮፋራድ፣ ሁለቱ 0.01። ከ0.01ዎቹ በአንዱ ላይ ሌላ 0.01 ጎን ለጎን (ፓራለል) ሲገጠም ይዘገያል። ይኸው ነው! ሥዕሉን በወረቀት ሠርቼ፣ ካፓሲተሩንም ገዝቼ ለጥገና ባለሙያው በእጁ ሰጠሁት። «ራስህ አትሠራውም ነበር?» የምትሉኝ አላችሁ። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ አለ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ይዘውት ይቆያሉ። ሰው ይገድላል። ባለሙያ ፍለጋ የሄድኩት ለዚህ ነው።

ልወስድ ስመጣ ምን አለኝ? «ወንድሜ፣ ትሬሞሎው ሞቷል፤ ነቅዬ ጣልኩልህ። ድምፁ እንዴት እንደጨመረ ስማው!»

ጨምሯል፣ አልዋሸም። በዚህ አምፕ የትሬሞሎው መጠን መቆጣጠሪያ ትሬሞሎው ጠፍቶ እንኳ ከሲግናሉ ላይ ይቀንሳል፤ ሽቦው ሲቆረጥ ያ ጭነት ይነሳል። ይህን የሚፈልግ ሰው ማብሪያ ማጥፊያ ያስገጥምና ሲያሻው ያላቅቀዋል፣ ሲያሻው ይመልሰዋል። የኔን ግን ማን ቁረጥ አለው?

ደግሞስ መቼ ሞተ! የዚህ ሞዴል ትሬሞሎ የእግር ፔዳሉ ካልተሰካ አይነሳም። ኔጋቲቭ ቮልቴጅ ኦሲሌተሩን፣ የትሬሞሎውን ምት የሚፈጥረውን ክፍል፣ አፍኖ ይይዘዋል፤ ፔዳሉ ያንን ቮልቴጅ ከግራውንድ ሲያገናኘው ነው የሚነቃው። ፔዳሉን ከአምፑ ጋር አስረክቤው፣ ሰክተህ ሞክር ብዬው ነበር። ሲመልስልኝ ገመዱ እኔ እንደጠቀለልኩት ነው። አንዴ እንኳ አልፈታውም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ነቅሎ የጣላት ያቺ የትሬሞሎው ጥቁር ቁራጭ ናት። ውስጧ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ የኒዮን አምፖል አለች፤ ከፊቷ ብርሃን ሲያርፍበት ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ የማገድ አቅሙ) የሚቀንስ ሬዚስተር ተቀምጧል። ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። «የታለች?» ስለው «ከጥራጊው ጋር ወጣች» አለኝ። ስንት ዘመን ያገለገለች ዕቃ! ከሷ ሌላ ምን ነቀልክ፣ የቱን ሽቦ የት ወሰድከው ብል መልስ የለውም። አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። ነገ የሚከፍተው ሌላ ባለሙያ በምን ይመራ? የነቀላችሁትን በፌስታል አድርጋችሁ ለባለቤቱ መመለስ፣ የቀየራችሁትን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ መለጠፍ ምን ያስከፍላችኋል?

«ትሬሞሎ የሚሠራ ሌላ ፔዳል ግዛ፣ ስልክ ላይም አፕ አለ» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን እኔ የጠየቅሁት እሱን አይደለም። የነበረኝ ተወስዶብኝ ነው የምጮኸው።

አሁን ቁራጯን እንደገና ልሠራት ነው። ኒዮኗ አታሳስበኝም፤ የፌዝ መሞከሪያ ካቻቪቴ ውስጥ የምትበራው ዘሯ ናት። የቸገረኝ ብርሃን የሚለየው ሬዚስተር ነው። ሲመሽ በራሱ የሚበራ የውጭ መብራት ውስጥ ይገኛል፤ ጨለማ ውስጥ ሬዚስታንሱ በጣም ከፍ የሚል መሆን አለበት። ማርቆስ ዞሬ አጣሁ። ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ዳንግላ ያላችሁ፣ የተበላሸ እንዲህ ያለ መብራት ካላችሁ እንዳትጥሉት፤ እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ።