ለክቡር አቶ ሜጋኦም፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ አቋም እንዲይዙ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ገላን ዋልካ ላይ ሜገሬን ታቅፌ ደህና ነኝ፤ የኬብል ሽፋን ከረንት እንዳይሾልክ ምን ያህል እንደሚከላከል በእርስዎ፣ በሜጋኦም፣ የሚለካውን መሣሪያ ማለቴ ነው። ከፍ ሲሉ ሽፋኑ ደህና ነው፣ ዝቅ ሲሉ ይሾልካል። የእርስዎን ጤና ግን እንጃ። ጠዋት ሌላ፣ ቀትር ሌላ ሰው ነዎትና።

ማክሰኞን ያስታውሱ። ከቆጣሪው እስከ መጋዘኑ የቀበርነውን ባለ አራት ኮር (አራት የተሸፈኑ ሽቦዎች ያሉት) ኬብል ከጠዋቱ 1 ሰዓት በ500 ቮልት ስለካው፣ 0.7 ብለው ብቅ አሉ። ለ380 ቮልት መስመር ከ1 መውረድ እንደማይፈቀድልዎ እያወቁ! ፎርማኑ "ኬብሉ ተበስቷል፣ ቆፍሩ" አለ። ልጆቹ ዶማ አነሱ። ሽሮ በልተን 7 ሰዓት ላይ ብለካው 140 ሆነው አረፉት። ዶማው ተመለሰ። ረቡዕ ጠዋት አማካሪው መሐንዲስ ለርክክብ ሲመጣስ? 0.6። የገላን ደላላ እንኳ በአንድ አዳር እንዲህ አያደርግም። አማካሪው እኔን አየኝ፣ እኔ ሜገሩን አየሁት። ሜገሩ የሚያየው አጣ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሙቀትን ነው። ኬብሉ 10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር እርስዎ በግማሽ ገደማ ይወርዳሉ። ታዲያ መውረድ የነበረብዎት ቀትር ላይ ነበር። እርስዎ እቴ፣ ወጡ። ሙቀትን ያለ ዋስ ለቀቅኩት።

ቀጥሎ ረዳቴን ያዝኩ። አምስት ሰከንድ ተጭኖ የመጣለትን ይጽፋል። ኬብል መጀመሪያ ላይ ቻርጅ ይጠጣል፣ ስለዚህ ዝቅ ብለው ጀምረው ቀስ እያሉ ይወጣሉ። አንድ ደቂቃ ሞልቶ ነው የሚነበቡት። ከመድገምም በፊት ቻርጁን ማፍሰስ አለ፣ እሱንም ይዘለዋል። (ጣቱን አንዴ ሲነዝረው ገብቶታል።) ግን ደቂቃውን እኔ ራሴ ይዤ ስለካም ጠዋት ጠዋት ያው ነዎት።

ሐሙስ ማለዳ ጉድጓዱ ውስጥ ተንበረከክሁ። የተላጠው ጫፍ ክፍት አድሯል። ቀዩ ኮር ላይ የአንድ ሰው የጭቃ ጣት አሻራ አለ። በላዩ የጥቅምት ጤዛ፣ ጠብ ጠብ ሊል የደረሰ። አሃ! ኬብሉ ውስጡ ደህና ነው። ከረንቱ በቆዳው ላይ እየተንፏቀቀ ነው የሚሾልከው። ምንም ሳልጠርግ ጫፉ ላይ ያለውን የኮሩን ሽፋን በባዶ ሽቦ ጠምጥሜ ከሜገሩ ሦስተኛ መግጠሚያ፣ ጋርድ ከሚባለው ላይ አሰርኩት፤ በገጽ የሚሾልከው ወደ እርስዎ ሳይገባ በጓሮ በር እንዲወጣ። ጤዛው እንዳለ 210 አሉ! ከዚያ ጋርዱን ፈታሁ፣ በአልኮል ጠረግሁ፣ ከጎረቤት ፀጉር ቤት ማድረቂያ ተውሼ ነፋሁበት። ልጆቹ "ካውያ ይጨመርለት" ብለው ሳቁብኝ። እርስዎ ግን 600 አለፉ።

ታዲያ ክቡር ሆይ፣ ማክሰኞ ዕለት "ጫፌ ረጥቧል" ቢሉኝ ምን ነበረበት? ለአማካሪው ያልኩትን ልንገርዎት፦ "ኬብሉ ስሜታዊ ነው።" በእርስዎ ምክንያት ይህን ብያለሁ፣ ሃያ ዓመት የሠራሁ ሰውዬ። ቃለ ጉባኤ ላይም ሰፍሯል።

አሁን ጫፉ ታሽጓል። ዳግም ርክክቡ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። እንዳያዋርዱኝ።

ከአክብሮት ጋር
ኤሌክትሪሺያኑ

ግልባጭ፦
ለጤዛ፣ ባለበት
ለባለ ጣት አሻራው፣ ራሱን ያውቃል
ለፎርማኑ፣ ዶማውን እንዲያስቀምጥ