የመልመጃ ሶፍትዌር ስትመርጡ «ፀሐይ» ብላችሁ ሞክሩት

ባለፈው ዓመት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼን በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል የአማርኛ መልመጃ አሠራኋቸው። ጥያቄው «ባዶ ቦታውን ሙሉ» የሚል ነበር። «ጠዋት በምሥራቅ የምትወጣው ____ ናት።» አንዲት ልጅ «ጸሀይ» ብላ ጻፈች። ቀይ ምልክት መጣ፦ ስህተት። አጠፋችና «ፀሀይ» አለች። አሁንም ቀይ። «ፀሃይ» ብላ ሞከረች። ቀይ። ከዚያ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ መልሱ ጨረቃ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ልጅቷ መልሱን ታውቀዋለች። ያላወቀው ሶፍትዌሩ ነው። እኔ የመዘገብኩለት «ፀሐይ» የሚለውን ብቻ ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ) ሲካተት ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ በስልካችን አማርኛ የምንጽፈው በዚያ ምክንያት ነው። ግን ኮምፒውተሩ ድምፅ አይሰማም፣ ቁጥር ነው የሚያየው። ለእሱ ሀ፣ ሐ እና ኀ ምንም ዝምድና የላቸውም። ማታ ቤት ገብቼ ቆጠርኩት። መጀመሪያ ጸ ወይም ፀ። ቀጥሎ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። ሁለት በስድስት፣ 12። አንዷ ፀሐይ በ12 መንገድ ትጻፋለች።

ከዚያ ወዲህ የሥራ ባልደረቦቼ «ለመልመጃ የቱ ሶፍትዌር ይሻላል?» ሲሉኝ መጀመሪያ የምላቸው ይህንን ነው። ቀለሙንና ሙዚቃውን ለጊዜው ተዉት። ለአንድ ጥያቄ ብዙ ትክክለኛ መልስ ይቀበላል ወይ? ሙድል የሚባለው የትምህርት መስጫ ሶፍትዌር ይቀበላል። ጉግል ፎርምስም ይቀበላል። በኤችፋይቭፒ (H5P)፣ ለድረገጽ መልመጃ መሥሪያ በሆነው፣ መልሶቹን በእዝባር (/) እየለያችሁ ትደረድራላችሁ። ካናዳ ውስጥ በቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው አሮጌው የመልመጃ መሥሪያ ሆት ፖቴቶስ፣ በእኛ አባባል «ትኩስ ድንች»፣ እሱም ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ለእኔ ከዚህም ይብሳል። ሶፍትዌሩ ልጁ ሲሳሳት ምን ይለዋል? ብዙዎቹ «ስህተት» ብለው ዝም ነው። ለፈተና ይሁን። መልመጃ ግን ልጁ የሚማርበት ሰዓት ነው፤ ለምን እንደተሳሳተ ካልተነገረው ሲገምት ይውላል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። «የ‹መምህር›ን ብዙ ቁጥር ጻፉ» ስላቸው ብዙዎቹ «መምህራኖች» ይላሉ። አዋቂውም፣ ሬዲዮውም ይለዋል። ስለዚህ መልመጃውን ሳዘጋጅ «መምህራን» እና «መምህሮች» ትክክል ብዬ እመዘግባለሁ። «መምህራኖች»ን ደግሞ ስህተት ብዬ ለብቻው አስገባዋለሁ። አጠገቡ እንዲህ የሚል መልእክት አለ፦ «ተጠግተሃል! ‹መምህራን› ከግእዝ የመጣ ብዙ ቁጥር ነው። ‹ኦች› ስትጨምርበት ሁለት ጊዜ አበዛኸው። አንዱን አንሳ።» ልጁ ያነባል፣ ፈገግ ይላል፣ ያስተካክላል። እኔ በዚያ ሰዓት ሌላ ልጅ ጋ ነኝ። ለእያንዳንዱ የስህተት ዓይነት የራሱን መልእክት እንድጽፍ የማይፈቅድልኝ ሶፍትዌር የቱንም ያህል ቢያምር አልወስደውም።

ምርጫ ጥያቄ ላይም አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ አገር «መ. ሁሉም መልስ ናቸው» ወይም «ሐ. ሀ እና ለ» የሚል አማራጭ እንወዳለን። ሶፍትዌሩ አማራጮቹን ሲያዘበራርቅ «ሁሉም» አንደኛ ቁጥር ላይ ይወጣል፣ «ሀ እና ለ» ደግሞ ትርጉም ያጣል። ወይ ማዘበራረቁን አጥፉት፣ ወይ ጥያቄውን ቀይሩት። ቀይሩት ነው የምለው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ለሁለት ዓመት በአንድ ድረገጽ ላይ ጥያቄ ሳጠራቅም ነበር። ነፃ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው የነፃ አካውንት ደንብ ተቀይሯል። የድሮ መልመጃዎቼን ለማየት ወርሃዊ ክፍያ በዶላር፣ ያውም በውጭ አገር ካርድ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ይህን ከየት ያመጣል? አውርጄ ልወስዳቸው ብል ማውረጃ የለውም። የሁለት ዓመት ልፋቴ ውሃ በላው። ያኔ ያዘንኩትን ያህል በሥራዬ አዝኜ አላውቅም።

ክፍያ ባይኖርም እንኳ ቴክኖሎጂው ራሱ ይሞታል። ብራውዘር ላይ ጨዋታና ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያሳየው አዶቤ ፍላሽ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ሲቋረጥ በእሱ የተሠሩ ስንትና ስንት የትምህርት ጨዋታዎች አብረው ተዘጉ። ስለዚህ ሦስተኛው ጥያቄዬ፦ የሠራሁትን በፋይል አውጥቼ እጄ ላይ ማስቀረት እችላለሁ? ሆት ፖቴቶስ የሚሰጣችሁ ተራ የድረገጽ ፋይል ነው። ፍላሽ ዲስክ ላይ ጫኑት፣ ያለ ኢንተርኔት በማንኛውም ብራውዘር ይከፈታል። ሉሚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም የኤችፋይቭፒ መልመጃን በኮምፒውተራችሁ ላይ አዘጋጅታችሁ በአንድ ፋይል እንድታወጡ ያስችላል። ጉድለት አላቸው። መልሱ ፋይሉ ውስጥ ስላለ ጎበዝ ልጅ ፈልፍሎ ያገኘዋል። ውጤትም በራሳቸው አይመዘግቡላችሁም። ለፈተና አይሆኑም ማለት ነው። ለመልመጃ ግን ምን ችግር አለው? መልሱን ፍለጋ ኮዱን የሚያነብ ልጅ ካገኘሁ እኔ ደስ ይለኛል።

ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙዎቻችን ወርክሺት በቴሌግራም መላክ ጀመርን። ቴሌግራም ትክክለኛው መልስ ከአማራጮች የሚመረጥበትን ጥያቄ (ኩዊዝ) ያስገባው ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነበር፤ በደንብ ጠቀመን። ብዙ ዳታ አይበላም፣ ልጁ የቤተሰቡ ስልክ ላይ ቀድሞም አለው። ግን ምርጫ ብቻ ነው፤ ልጁ ቃል ጽፎ አይመልስበትም። ካሁት (Kahoot) የሚባለውን የጥያቄ ውድድር ደግሞ ልጆች ይወዱታል፣ ክፍሉ ይሞቃል። ነገር ግን ቶሎ ለመለሰ የበለጠ ነጥብ ይሰጣል። ኔትወርኩ የሚቆራረጥበት ልጅ እያወቀ ወደ ኋላ ይቀራል። ክፍሌ ውስጥ ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ልጁ ስልኩን ገልብጦ ዴስኩ ላይ አስቀመጠው።

የአገራችን ፕሮግራመሮች ይህን ካነበባችሁ አንድ ልመና አለኝ። ለመልመጃ የሚሆን የአማርኛ መልስ አራሚ ሥሩልን። ሥራው ከባድ አይደለም። ሶፍትዌሩ ሁለቱን መልሶች ከማወዳደሩ በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይቀይር። ሃ እና ሀን፣ ኣ እና አን የመሳሰሉትንም እንደ አንድ ይይ። የምናስተምረው ሆሄያቱን ራሳቸውን የሆነ ቀን ደግሞ መምህሩ የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው። የሆሄያቱን ሠንጠረዥ እኛ የአማርኛ መምህራን በአንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን እንሠራላችኋለን። የእኔን ግማሽ ጀምሬዋለሁ።