ይድረስ ለክቡር አቶ ፕሮቢቭ፣ ሞስኮ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የኔን አልነግርዎትም። ያውቁታል፤ በሩሲያ የሰዉን የግል መረጃ ከየመዝገቡ እያወጣ የሚቸረችረው፣ «ፕሮቢቭ» የሚሉት ጥቁር ገበያ እርስዎ አይደሉ?

ማክሰኞ ቢሮ ምሳ ስንበላ ስልኬ ጠራ። እጄ ወጥ ነክቶት ስለነበር ላውድ ላይ አደረግኩት። «ገበሬ ተሰማቪች?» አለ አንድ ትሁት ድምፅ። «ከባንክዎ የደኅንነት ክፍል ነው።»

ስሜ ገብሬ ነው። በዚህ ሁሉ የሩሲያ ምድር ገበሬ የሆንኩት አንድ ክሊኒክ ውስጥ ብቻ ነው። ካርድ ስታወጣልኝ ጸሐፊዋ በሩሲያኛ አንድ ፊደል ጨመረችብኝ፤ እኔም ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ አይቼ ዝም አልኩ። ሰውየው የፓስፖርት ቁጥሬን አነበበልኝ። የምኖርበትን ፎቅም ነገረኝ። ገንዘቤን ወደ «አስተማማኝ ሒሳብ» እንዳዛውር መከረኝ። እምቢ ስለው «እሺ፣ ኪንታሮቱስ ተሻለዎት?» ብሎ ዘጋው። ሰባት ባልደረቦቼ ሹካቸውን አስቀመጡ። አንዷ እስከ ዛሬ ልቀመጥ ስል ትራስ ታቀብለኛለች።

ድሮ በሞስኮው ጎርቡሽካ ገበያ መረጃችንን በሲዲ ሲቸረችሩ፣ ገዢው ቢያንስ ከቤቱ ይወጣ ነበር። ዛሬ የቴሌግራም ቦት ይበቃዋል።

አድልዎ እንደሌለብዎት ግን እመሰክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ተቃዋሚውን ፖለቲከኛ ናቫልኒን ሲከታተሉ የነበሩት የስለላ መሥሪያ ቤቱ የኤፍኤስቢ ሰዎች የተጋለጡት ከእርስዎ ሱቅ በተገዛ የስልክና የበረራ መዝገብ ነው። ሰላዩም ገበሬውም አንድ መደብ ላይ ተሰጥተናል።

በ2022 ያንዴክስ የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ምግብ ማድረሻ የደንበኞቹ አድራሻ ሲያፈተልክ ፍርድ ቤት 60,000 ሩብል ቀጣው። ለሁሉም ደንበኛ አንድ ላይ።

ከ2025 ወዲህ ደግሞ እኛ የውጭ ዜጎች አዲስ ሲም ካርድ ለማውጣት ስኒልስ (የጡረታ መድን ቁጥር)፣ ከዚያም ፊትና ድምፅ እንሰጣለን። ተሰለፍኩ። ካሜራው ፊት አፌን ከፍቼ ቁጥር ቆጠርኩ። ለደኅንነትህ ነው አሉኝ። የማን ደኅንነት? አንተ እኮ ከመስኮቱ ወዲያ ነው የተቀመጥከው! ስምህ «መብሳት» ማለት ነው ይላሉ፤ ምኑን ትበሳለህ? ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው፣ ደመወዝም ይከፈልሃል። ጎረቤቴ ያሉት አሮጊት ለቀብራቸው ያጠራቀሟትን በዚሁ ዓይነት ስልክ አስረከቡ። የእሳቸውን ቁጥር በስንት ሸጥከው?

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ፣ አንቱታው አመለጠኝ። የሰው መረጃ መቸርቸርን የሚቀጣው ሕግ በ2024 መጨረሻ ጠብቆ እስከ 10 ዓመት ሊያሳስር እንደሚችል ሰምቼ ተጽናንቼ ነበር። የማክሰኞው ሰውዬ አልሰማም መሰለኝ።

አንዲት ውለታ ልለምንዎት። ክሊኒኩ ስሜን ለማረም በኖታሪ የተረጋገጠ የፓስፖርት ትርጉም አምጣ ብሎኛል፤ ወረፋው ለሦስት ሳምንት ነው። እርስዎ ጋ አንድ ቅጂ አይጠፋም። ማኅተሙ ይነበባል?