ሐይቁ በየት በኩል ነው?

ሰሞኑን ጣና ዳር ተቀምጦ አንድ ቡና በሰላም መጠጣት አስቸጋሪ ሆኗል። ከአጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ከኢስታንቡል የተመለሰ ሰው አይጠፋም። «እንዴት ነበር?» ይሉታል። ማኪያቶውን በማንኪያ ጫፍ እየነካካ፣ ዓይኑን ሐይቁ ላይ ጥሎ፣ «ኧረ ምንም ዕቅድ አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ዞርኩ» ይላል። «ዝም ብዬ» የምትለዋን እንደ ማር ይስባታል። ጠረጴዛው በሙሉ በቅናት ጸጥ ይላል።

ቅናቱ የሚቆየው ሁለተኛው ጥያቄ እስኪመጣ ነው። «ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ገባህ?» «ዝግ ነበር።» «ትልቁ ገበያስ?» «እሱም ዝግ።» «አያሶፊያ?» «ውጩን አየሁት።» ቶፕካፒ ማክሰኞ ማክሰኞ ይዘጋል። ባለ ጣሪያው ትልቁ ገበያ እሑድ ይዘጋል። አያሶፊያ በ2020 እ.ኤ.አ. ተመልሶ መስጊድ ስለሆነ ምድር ቤቱ የሰጋጆች ነው፤ የውጭ አገር ጎብኚ ከ2024 ወዲህ 25 ዩሮ ከፍሎ ፎቁን ያያል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄና አንድ ስልክ ነው። ያለ ዕቅድ መዞር ማለት የተዘጋ በር ቆጥሮ መመለስ ከሆነማ እሑድ ከሰዓት እዚሁ ባሕር ዳርም ይቻላል፤ ቪዛም አይጠይቅም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የምትለውን ተረት እንደ እኔ የሚወዳት ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዙዎች «አትቸኩል» ለማለት ይጠቅሷታል፤ ይበድሏታል። ተረቲቱ ሩጫን አልከለከለችም። መቀነቱን ቆመህ እሰር፣ ከዚያ እስኪበቃህ ሩጥ ነው የምትለው። አንዲት ቋጠሮ ናት የጠየቀችው። ሰዓት በሰዓት የተሰመረ ወረቀት ይዞ የሚዞረውንም ሰው አትደግፍም፤ እሱ መቀነቱን አንገቱ ድረስ የጠመጠመ ነው።

የባሕር ዳር ሰው ግን ቋጠሮ እንደሚያስፈልግ እንዴት ይወቅ? ከተማው ራሱ አስሮለት ነው ያደገው። በሰሜን ሐይቁ አለ፤ ሐይቁ ጋ ከደረስክ መንገዱ አልቋል። በምሥራቅ ዓባይ አለ፤ ከተሻገርከው የደረስክበት ሰፈር ስሙ ራሱ ዓባይ ማዶ ነው። መሀሉ ሜዳ ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዘንባባ የተሰለፈበት፣ ለብስክሌት የተሠራ የሚመስል። እዚህ መጥፋት ችሎታ ይጠይቃል። ሰውየው ታዲያ «እኔ መንገድ አይጠፋኝም» ይላል። ሐይቁ ነበር የማይጠፋው!

ይህ ሰው ኢስታንቡል ሱልጣናህመት ላይ ይቆምና በልማዱ ውኃ ይፈልጋል። ውኃ ያገኛል። ዞር ሲል ሌላ ውኃ። እንደገና ዞር ሲል ሦስተኛ ውኃ። ሱልጣናህመት ያለበት አሮጌው ከተማ በሦስት ወገን የተከበበ ነው፦ በሰሜን ሃሊች፣ በምሥራቅ ቦስፎረስ፣ በደቡብ ማርማራ። «ወደ ውኃው ልውረድና ራሴን ላግኝ» ያለ ሰው የትም ይገኛል። መለያው እንዲህ ነው። ድልድይ ላይ ዘንግ የደረደሩ ዓሣ አጥማጆችና ማዶ ኮረብታ ላይ የጋላታ ክብ ማማ ከታዩ ሃሊች ነው። ማዶው ቅርብ ሆኖ ወደ ሰሜን በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ረጅም ድልድይ ካለ ቦስፎረስ ነው፤ ያ ማዶ እስያ ነው። ማዶው ርቆ፣ ትልልቅ የጭነት መርከቦች ቆመው ተራ የሚጠብቁ ከሆነ ማርማራ ነው። ይህችን ያወቀ ሰው ካርታውን ኪሱ ከትቶ ቢዞር እኔም አልቃወምም።

ሃሊች ዳር ኤሚኖኑ ላይ ደግሞ የመርከብ ወደቡ አንድ አይደለም፤ መዳረሻው በተለየ ቁጥር መሳፈሪያውም ይለያል። ካዲኮይ ሊሄድ አስቦ ኡስኩዳር የወረደ ሰው ሊደነግጥ አይገባም፣ ሁለቱም እስያ ናቸው። ማርማራይ የሚባለው ባቡር ከኡስኩዳር በ4 ደቂቃ ያህል ኤሚኖኑ አጠገብ ወዳለው ሲርኬጂ ይመልሰዋል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ጥልቁ ቦታ ከባሕር ጠለል 60 ሜትር ያህል ዝቅ የሚል መተላለፊያ ነው። ባቡሩ ግን ሲገቡ ከመሳፈሪያ ካርዱ የረጅሙን ጉዞ ዋጋ ይቆርጣል። ሲወጡ ግድግዳው አጠገብ ባለችው መመለሻ ማሽን ካርዱን ማስነካት ነው፤ ትርፉ ይመለሳል። «ዝም ብዬ» ባዩ ይህችን ማሽን ዝም ብሎ ያልፋታል።

ዳገቱን ካርታው አይናገርም። ከካራኮይ እስከ ጋላታ ማማ ያለው መንገድ ስልክ ላይ ጥቂት መቶ ሜትር ነው፤ በእግር ግን የባሕር ዳሩን ቤዛዊት ኮረብታ በደረጃ እንደመውጣት ነው። በሜዳ ላደገ ጉልበት ቱኔል የምትባል አጭር የምድር ውስጥ ባቡር አለችለት፣ ከ1875 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከካራኮይ ሽቅብ ታወጣለች፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ዳገት ካነሣን፦ በእኛ ሜዳ ከተማ በባሕር ዳር «ወደ ላይ ሂድ» የሚል መንገድ ጠቋሚ ለምን አለ? ላይ የታለ? «ወደ ላይ ሄድ በልና፣ ትንሽ ነው፣ እዚህች ጋ» ይልሃል። ትንሿ 40 ደቂቃ ናት። የማያውቀውንም ይጠቁማል፣ «አላውቅም» ማለት ነውር መስሎት። እንግዳውን ያስተናገደ ይመስለዋል፤ በፀሐይ ሁለት ኪሎ ሜትር አስኬዶታል! ይህ ደግነት አይደለም፤ በሰው እግር የሚደረግ ይሉኝታ ነው። ይህን የለመደ ሰው ውጭ ሲሄድ እጁን የዘረጋለትን ሁሉ ያምናል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ሦስት ሰው መጠየቅና ሁለቱ የተስማሙበትን መያዝ። የሆቴሉንም ስም በአፍ ከመናገር ካርዱን ከእንግዳ መቀበያው ወስዶ ማሳየት፤ ኢስታንቡል ላሌሊ ሰፈር የሆቴሎቹ ስም እርስ በርሱ ይመሳሰላል።

ይሉኝታን ካነሣንም አይቀር፣ ኢስታንቡል ውስጥ በይሉኝታ ላይ የቆመ ንግድ አለ። ሊስትሮው ሣጥኑን ተሸክሞ ፊት ፊትህ ይሄዳል፣ ብሩሽ ይጥላል። ጨዋ ቤት ያደገ ሰው ምን ያደርጋል? አንሥቶ «ወንድም፣ ወድቆብሃል» ይላል። ሊስትሮው በምስጋና ይሞታል፤ ካልጠረግሁልህ ብሎ እግርህን ይይዛል። ከጠረገ በኋላ ምስጋናው ዋጋ አለው፤ ቀላል ዋጋም አይደለም። ብሩሹን እዚያው ተወው፣ በጣትህ ጠቁምና እለፍ። እናትህ አላየችህም።

ሰዓቱ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። በባሕር ዳርና በኢስታንቡል መካከል የአንዲት ደቂቃ ልዩነት የለም።  ሆኖም የእኛ ሰው እዚያ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ይጠፋበታል፤ የት እንደገባ ማንም አያውቅም። ትኬት ላይ «07:00» ያያል፣ «ሰባት ሰዓት፣ ምሳ በልቼ እደርሳለሁ» ይላል። መርከቡ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሄዷል። እዚያ የቆየ የአገር ልጅ «በሦስት እንገናኝ» ሲለው ደግሞ ይብሳል፤ የማን ሦስት? አንደኛው ጠዋት ይቆማል፣ ሌላው ከሰዓት፤ ሁለቱም «ሐበሻ ቀጠሮ አያከብርም» ብለው ይለያያሉ።

ትልቁ ጉድጓድ የመመለሻው በረራ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 01:30» ይላል። የእኛ ቀን ከንጋት ስለሚጀምር «ማክሰኞ ሌሊት» ስንል ማክሰኞ ከመሸ በኋላ ያለው ነው። አውሮፕላኑ ግን የሚነሣው ሰኞ መሽቶ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ በእኛ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰውየው ማክሰኞን በደስታ ሲዞር ይውላል፣ ማታ ሻንጣውን ይዞ ይደርሳል፤ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ያለ ዕቅድ ለዞረባት ለዚያች ቀን አዲስ ትኬት ይቆርጣል። ወረቀት ላይ «ሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት አየር ማረፊያ» ብሎ በእኛ አቆጣጠር መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይጨርሳል?

እዚህ ሐይቅ ላይ ዘወትር የሚጓዝ ሰው አለ፤ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ የሚመጣው የታንኳ ቀዛፊ። ታንኳው ደንገል ነው፣ ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ከደረሰ በኋላ ወደ ዳር ጎትቶ፣ አቁሞ ፀሐይ ያስመታዋል። ሐይቁ ማለዳ ጸጥ እንደሚል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል እንደሚያመጣ ስለሚያውቅ በማለዳ ይነሣል። ወረቀት የለውም፣ ካርታ የለውም። ሆኖም ገበያ ደርሶ እንጨቱን ሲያወርድ «ዝም ብዬ ቀዘፍኩ» ሲል የሰማ የለም።

ወደ ጀመርነው ሰውዬ እንመለስ፤ ማኪያቶው ቀዝቅዞበታል። አሁን ደግሞ ኪሱን እየዳበሰ ነው። ከፓስፖርቱ ሥር የኢስታንቡልካርቱን አወጣ። የከተማው ባቡር፣ ትራምና መርከብ ሁሉ በእሷ ይከፈላል። መሙያ ማሽኑ መልስ ስለማይሰጥ፣ ትልቁን ብር ያስገባ ሰው ሁሉም ካርዱ ውስጥ ቀርቶበታል። ካርዷ በስሙ አልተመዘገበችም፤ ለሌላ ሰው ትሠራለች። አጠገቡ ያለው ልጅ በሚቀጥለው ወር ሊሄድ ነው መሰል፣ ተቀብሎ እያገላበጠ «በየት በኩል ነው የሚነካው?» አለ።

«ዝም ብለህ አስነካው።»